ፍሬኑ ይዞታል

ልቤ ምንም የለበትም። ዶክተሯ የልቤ ምት የተሳለበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ይህን ስትነግረኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ምንም የለብሽም ማለት ዋሽተሻል ማለት መሰለኝ። ደረቴን ጨምድዶ የያዘኝ፣ ጣቶቼን ያደነዘዘብኝ፣ «አለቀልሽ» እያለ ጆሮዬ ላይ የጮኸብኝ ነገር መቼም ከመሬት ተነስቶ አልመጣም።

ሥራዬ ክሬን መንዳት ነው። ያውም ረጅሙን፣ ሕንጻ ሲሠራ ከሁሉም በላይ የሚቆመውን። ላይ ባለች የመስታወት ክፍል ተቀምጬ ውዬ ማታ እወርዳለሁ። ታች ሆኖ ጭነቱን መንጠቆው ላይ የሚያስረውና ምልክት የሚሰጠኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሰው ሁሉ ፉጨት ይለዋል። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲያፏጭ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሥራ ይፈታል። ሬድዮ ከተሰጠን በኋላም አልተወም፤ መጀመሪያ ያፏጫል፣ ከዚያ ይናገራል። እማዬ፣ ሲወለድም አላለቀሰም፣ አፏጨ ትላለች።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ቀስበል የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ቀኑን ሙሉ «ቀስ በል፣ ቀስ በይ» ሲሉ ስለሚውሉ ነው። ከትምህርታቸው ሁሉ ያልረሳሁት ግን ጭነት አየር ላይ እያለ አለመተንፈስን ነው። ትንፋሽሽን ከያዝሽ እጅሽ አይንቀጠቀጥም ይሉኝ ነበር። እውነት ነው፣ አይንቀጠቀጥም። በኛ ሙያ ይህን የማያደርግ ሰው አላየሁም፤ ጭነቱ መሬት ሲነካ ሁላችንም ኡፍ እንላለን። እኔም በተራዬ ለአዳዲሶቹ ሳስተምር ኖሬያለሁ።

አንድ ቀን እስር ፌሮ ሳነሳ የታሰረበት ገመድ በአንድ በኩል ተበጠሰ። ፌሮው ተዘቅዝቆ እየተንሸራተተ ወንድሜ የቆመበት ላይ ወረደ። አቧራው ቦታውን ሸፈነው። እኔ ከላይ ሆኜ የማየው አቧራውን ብቻ ነበር፤ እሱን አላየውም። ከዚያ ልብሱን እያራገፈ ከአቧራው ወጣና እጁን አነሳልኝ። ሰው ሳቀ፣ እድሜህ ረጅም ነው አሉት። ገመዱ ያረጀ ሆኖ ተገኘና ሁሉም ተቀየረ፤ እኔን ጥፋተኛ ያለኝ የለም። ቀኑን ጨርሼ ወረድኩ፤ ሄልሜትህ ለምን ተጣመመ ብዬ ተቆጣሁት፤ አብረን ወደ ቤት ሄድን። ለእማዬ ምንም አልነገርናትም። እርስ በርሳችንም አላነሳነውም። እኛ ቤት «ደህና ነኝ» የማይል ሰው እራት የሚከለከል ይመስል ሁላችንም ሁልጊዜ ደህና ነን።

ነገሩ የመጣብኝ ሁሉ ነገር ከተረሳ በኋላ፣ ባዶ የኮንክሪት ባልዲ ሳነሳ ነው። ባዶ ባልዲ! ልቤ ድንገት መሮጥ ጀመረ። ላብ አጠመቀኝ፣ ከንፈሬ ሳይቀር ደነዘዘ። እጄን አየሁት፤ የኔ አልመስል አለኝ። እየሞትኩ ነው አልኩ፣ ከልቤ ነው ያልኩት። መሰላሉን አቅፌ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሁሉም ልቧ ነው አለ፣ ሁሉም አየር ሳቢ አለኝ። ሳብኩ፣ አሁንም ሳብኩ፣ በሳብኩ ቁጥር ባሰብኝ።

ከዚያ ወዲያ ፍርሃቱን ራሱን መፍራት ያዝኩ። ክሬን ላይ እንዳይመጣብኝ ከክሬን ወረድኩ፤ ታክሲ ውስጥ ሲመጣብኝ ከታክሲም ወረድኩ። ትንሽ ቢቆይ ከአልጋዬ አልወርድም ነበር። እማዬ ጨው ደበቀችብኝ፣ የውሃ ጀሪካን ከእጄ ቀማችኝ። ስንት ኩንታል ሲሚንቶ በአንድ ጊዜ የማነሳ ሴት ጀሪካን ተከለከልኩ።

እንግዲህ በዚህ ንዴት ነው ዶክተሯ ፊት የተቀመጥኩት። እሷ ግን ንዴቴን ከቁብ አልቆጠረችውም። አደጋ ሲመጣ ሰውነት ለመሮጥ ይዘጋጃል፣ ለዚህ ነው ልብሽ የሚፈጥነው፣ ትንፋሽሽ የሚበዛው አለችኝ። አንቺ ግን አትሮጪም፣ ወንበር ላይ ነሽ። አየር ያጠረሽ ይመስልሻል እንጂ የበዛብሽ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ትስቢያለሽ፣ ረጅም አድርገሽ አታስወጪም፤ ጣትሽንም የሚያደነዝዘው እሱ ነው። ይመጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ሸሽተሽ ከወረድሽ ግን የተረፍሽው በመሸሽሽ ይመስልሻል አለችኝ። ከዚያ ከዚህ በፊት ምን እንደደረሰብኝ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። እስክናገር ጠበቀችኝ። ስለ አቧራው ነገርኳት፤ እያለቀስኩ፣ በማልቀሴም እየተናደድኩ።

ሥራ ሰጠችኝ። ደረጃ ሮጬ ልቤን አስደልቄ ቁጭ እላለሁ፤ ልብ ሲደልቅ ሰው እንደማይሞት ሰውነቴ ይማር ብላ ነው። መሰላሉን ያለ ጭነት እየወጣሁ፣ መሃል ላይ ሲመጣብኝ ሳልወርድ እቆያለሁ። አንዳንዱን ቀን ብረቱን ነክሼ ነው የቆየሁት ብል ማጋነን አይሆንም። ግን ቆየሁ።

ፎርማኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራው ግን አይጠብቅም። ዶክተሯ ከተስማማች በኋላ በግልጽ ነገረኝ። ባዶና የታጠረ ቦታ ላይ አንድ ጭነት አነሳለሁ፤ ተተኪው ኦፕሬተር ከኋላዬ ይቆማል። ካወረድኩት ወንበሩ የኔ ነው፤ ካልሆነ ግን ወደ መጋዘን ሥራ እዛወራለሁ። ምልክት የሚሰጠኝ ሌላ ሰው እንዲሆን ለመንኩ። ወንድሜ እጁን አጣምሮ አጥሩ ጋ ቆመና አልንቀሳቀስም አለ።

«እትዬ፣ ሌላ ሰው ቢቆምልሽ ያው ብረት ነው ያነሳሽው» አለኝ። «እኔ ቆሜ ካነሳሽ ነው የዳንሽው።»

ወጣሁ። ወንድሜ በሬድዮ «አንሺ» አለኝ፤ አላፏጨም። ፌሮው ከወደቀበት ቀን ወዲህ አፏጭቶ አያውቅም ነበር፤ ስንጠይቀው ጥርሴን አሞኛል ይል ነበር። እጀታዎቹን ሳብኩ። ጭነቱ ከመሬት ሲላቀቅ፣ ከዓመታት ልማድ፣ ትንፋሼን ያዝኩ።

ያኔ መጣ። ልቤ ሮጠ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ መስታወቱ የጠበበኝ መሰለኝ። ከኋላዬ ተተኪው ቀስ ብሎ ልያዝልሽ ወይ አለኝ። ልውረድ የሚለው ቃል ጥርሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። አይ አልኩት፣ ከዚያም እጄን ከእጀታዎቹ ላይ አነሳሁ።

ጭነቱ ቆመ። አልወደቀም፣ አልተንቀሳቀሰም። ክሬን የነዳ ሁሉ ያውቀዋል፤ እጅ ከእጀታው ሲነሳ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል። ለጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ይህን ነው። እኔ ጅሏ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ያንን ብረት በትንፋሼ አንጠልጥዬ የያዝኩት ይመስለኝ ነበር። አሁን አስወጣሁት። ረጅም አድርጌ አስወጣሁት፣ ደገምኩት። ፍርሃቱ አልሄደም፤ እንደ ባለጌ እንግዳ ተደላድሎ ተቀመጠ። ተቀመጥ፣ እኔም አልነሳልህም አልኩት በሆዴ።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለ ሬድዮው።

«መጣብኝ። ጠብቀኝ፣ አልወርድም። ጭነቱን ፍሬኑ ይዞታል።»

ልቤ ጫፍ ደርሶ መመለስ ሲጀምር ታወቀኝ። ሬድዮውን ፎርማኑም ይሰማል፣ ሠራተኛውም ይሰማል፤ ይስሙ አልኩ።

«ያን ቀን የገደልኩህ መስሎኝ ነበር።»

 ታች ወንድሜ ሄልሜቱን አውልቆ መልሶ አደረገው።

«እኔም የሞትኩ መስሎኝ ነበር» አለ። «ጥርሴ አይደለም፣ እትዬ። ላፏጭ ስል ትንፋሽ ያጥረኛል።»

«አትሳብ» አልኩት። «አስወጣ። ያለህን ሁሉ አስወጣ።»

ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ሲከት አየሁት። መጀመሪያ ባዶ አየር ብቻ ወጣ። ጠበቅኩት፤ እሱም ጠብቆኝ የለ? እንደገና ሞከረ፤ የተሰነጠቀ፣ ዜማ የሌለው፣ ግን ፉጨት የሆነ ድምፅ ወጣ። ሩቅ ቦታ አንድ ውሻ መለሰለት።

እጀታዎቹን ያዝኩ። ጭነቱ መሬት ሲነካ ኡፍ አላልኩም፤ እስከዚያው ድረስ እየተነፈስኩ ነበር።