የፈጥኖ ደራሽ ፊርማ

ተማሪዎቻቸው «ፈጥኖ ደራሽ» ይሏቸው ነበር። የፊዚክስ ትምህርት ክፍል አማካሪ ሆነው በሠሩባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት የኮርስ መምረጫ ቅጽ አስገብቶ ሳይፈረምለት ያደረ ተማሪ የለም። ጠዋት የተቆለለው ከምሳ በፊት ተፈርሞ ያልቃል። ሌሎቹ አማካሪዎች ተማሪ ደጅ ሲያስጠኑ የእሳቸው በር ላይ ሰው ቆሞ አይታይም፤ በዚህም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረታቸውን ይነፉ ነበር።

ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ቢሯቸውን ሊያስረክቡ መጡ። ጸሐፊዋ አንድ ካርቶን እየጎተተች፣ «ጋሼ፣ የቆዩት ቅጾች ሊወገዱ ነው፤ የሚፈልጉት ካለ ይዩት» አለቻቸው። የሴት ልጃቸው ቅጽ ትዝ አላቸው። እዚሁ ነው የተማረችው፤ ለማስታወሻ ልውሰደው ብለው መፈለግ ጀመሩ።

ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይኗ ሰማይ ላይ ነበር። ጎረቤት ልብስ ሊያሰጣ ሲል «ዛሬ ይቅርባችሁ» ትላለች፤ የሰማት ይድናል፣ ያልሰማት እንደገና ይጨምቃል። የአየር ትንበያ ባለሙያ ትሆናለች ብሎ ያልተነበየላት ዘመድ አልነበረም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ግን ኤሌክትሮኒክስ መረጠች፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቷ፣ የባንክ ኤቲኤም ስትፈታና ስትገጥም ትውላለች። አባት «ሐሳቧን ቀይራ ነው» ብለው ተቀብለውት ኖረዋል።

ቅጹ ተገኘ። ከታች ፊርማቸው አለ፣ እንደ ልማዱ ተንጋዶ። ከፊርማው በላይ፣ «ምክንያት» በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ በደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«የምፈልገው የከባቢ አየር ፊዚክስ ነበር። ሥራ የለውም ስላሉኝ ፈርቼ ነው። አባዬ፣ ይህን ካነበብክ አትፈርም፤ ጥራኝ።»

ካርቶኑ ላይ ቁጭ አሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእሳቸው ግን ፈስሶ የቀረ ነው።

ደወሉላትና ያነበቡትን ነገሯት። «ምነው ልጄ፣ በአፍሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ነገርኩህ እኮ፣ አባዬ። ራት ላይ ስለ ኮርስ ላማክርህ ብልህ፣ ‹ለልጄ ብዬ አላዳላም፤ እንደ ማንኛውም ተማሪ ቢሮ ነይ› አልከኝ። ብመጣ ስብሰባ ላይ ነህ። ያን ጊዜ ጽፌ ከቅጾቹ መሐል ከተትኩት።»

«አላነበብኩትም» አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ለማንም ተናግረው አያውቁም።

«እኔ እኮ አንብበህ የፈረምክ መስሎኝ ነበር» አለች። «አባዬም አይሆንልሽም ካለኝ፣ አይሆንልኝም ማለት ነው ብዬ ተውኩት።»

ያንን ሁሉ ዓመት እንደዚያ አስባ መኖሯ ከሁሉ በላይ አንገበገባቸው። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«በቃ አባዬ፣ እሱን ተወው አሁን» አለች። «ስትወጣ ጃንጥላ ያዝ። ከሰዓት ይዘንባል።»

በመስኮቱ አዩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በር አጠገብ የተረሳውን አሮጌ ጃንጥላቸውን አንስተው ሲወጡ ጸሐፊዋ ሳቀች።

አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ሳይደርሱ ዶፉ ወረደ።