የአምላኩ በርኖስ

አቶ ሙላቴ በርኖሱን ከእንጨት ማቆሚያው ላይ ሲያነሱት ርብቃ ከአዳራሹ ጥግ ሆና አየቻቸው። ዐውደ ርእዩን ሊከፍቱ ለመጡት እንግዳ ቀረብ አድርገው ሊያሳዩ መስሏት ነበር። "በእጅ መንካት ክልክል ነው" የሚለውን ማስታወቂያ የጻፈችውም የለጠፈችውም እሷ ናትና ትንሽ ከፋት። ቢሆንም እንግዳው ትልቅ ሰው ናቸው፤ አንድ ጊዜ ቢዳስሱት ምን ይሆናል ብላ ዝም አለች።

አቶ ሙላቴ ግን በርኖሱን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ መድረኩ ወጡ።

"ክቡር እንግዳችን!" አሉ በማይክሮፎኑ። "የደብረ ታቦር ሕዝብ ለእርስዎ ያለውን ፍቅርና አክብሮት ለመግለጽ፣ ይህን የጉና ደጋ የእጅ ሥራ በስጦታ ያበረክትልዎታል!"

እንግዳው ጎንበስ አሉ። ጥቁሩ በርኖስ በሙሉ ልብሳቸው ላይ ወረደ። በቀኝ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብላ የምትወጣው ጫፍ ወደ ኋላ ዞራ ነበርና አቶ ሙላቴ አስተካከሏት። ካሜራዎች ብልጭ ብልጭ አሉ። ከፊት የተቀመጡት ብድግ ብለው አጨበጨቡ፤ ከኋላ ያሉትም ተከተሏቸው። ርብቃም አጨበጨበች። ማጨብጨቧን ያወቀችው አዳራሹ ጸጥ ካለ በኋላ ነው።

በርኖሱ የደብረ ታቦር ሕዝብ ንብረት አልነበረም። ከጋሳይ ወዲያ፣ ከጉና ተራራ ሥር የሚኖሩ እማማ ዝናሽ የሚባሉ ባልቴት ንብረት ነበር።

ርብቃ በከተማው የባህል ማዕከል የተዘዋዋሪ ዐውደ ርእይ አዘጋጅ ናት። ማዕከሉ ሙዚየም የለውም። ስለዚህ እሷ ከየሰዉ ቤት ዕቃ ትዋሳለች፤ ታሪኩን ትጠይቃለች፣ መግለጫውን ትጽፋለች፣ ለጥቂት ሳምንት አንድ አዳራሽ ውስጥ ታሳያለች። ከዚያ በአይሱዙ ጭና ወደሚቀጥለው ከተማ ትወስዳለች፤ ዙሩ ሲያልቅ ደግሞ እያንዳንዱን ለባለቤቱ ትመልሳለች። ጓደኞቿ "ሙዚየም የሌላት የሙዚየም ሰው" እያሉ ይቀልዱባታል። የዘንድሮው ዐውደ ርእይ ስለ በግ ጠጉር ነበር፤ የጉና ደገኞች እንዴት እንደሚሸልቱት፣ እንደሚያባዝቱት፣ እንደሚፈትሉትና እንደሚሸምኑት።

ዕቃ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ሰዉ ለቢሮ ሰው ማዋስ ይፈራል፤ የወጣ ዕቃ አይመለስም ይላል። እማማ ዝናሽም መጀመሪያ አይሆንም ብለው መልሰዋት ነበር። በርኖሱን የሸመነው ሟች ባላቸው አምላኩ ነው፤ ጠጉሩን የፈተሉት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ትእዛዝ ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች። በሠርጉ ዕለት በአባቷ ቦታ የሚቆመው አጎቷ ነው፤ እሱ የአባቷን በርኖስ ደርቦ እንዲድራት ቃል ተገብቶላታል። ርብቃ እየተመላለሰች ለመነቻቸው። "በእጄ ወስጄ በእጄ እመልሰዋለሁ" ብላ ከፋሲካ በፊት ልታደርስ ማለች። እማማ ዝናሽ እሺ ካሉ በኋላ ነው ጎረቤቶቻቸውም እየተከተሉ ብርድ ልብስ የሚሆነውን ባና፣ እንዝርቱን፣ የጠጉር ባርኔጣውን ያወጡላት።

እንግዳው ከነአጃቢዎቻቸው ከሄዱ በኋላ አለቃዋን አቶ ሙላቴን ባዶ የውሃ ላስቲኮች በተበተኑበት አዳራሽ ውስጥ አገኘቻቸው። ደስ ብሏቸው ከረባታቸውን እያላሉ ነበር።

"አቶ ሙላቴ፣ በርኖሱ እኮ የውሰት ነው።"

"አውቃለሁ።"

ርብቃ ደነገጠች። ዘንግተውት ነው ብላ ራሷን ስታጽናና ነበር የቆየችው።

"ታዲያ እንዴት..."

"ከባሕር ዳር ያዘዝነው ካባ አልደረሰም። መኪናው መንገድ ላይ ቀረ። ምን ላድርግ? ሰውየውን ባዶ ትከሻቸውን ልሸኛቸው?" ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ስሚ ርብቃ። ምን እንዳሉ ሰምተሻል። የሙዚየሙን ሕንፃ በሚቀጥለው በጀት አስገባለሁ ብለዋል፤ ያውም በሕዝብ ፊት። ስንት ዓመት ጮኸሽበታል? አንድ በርኖስ ሰጥተን ሙዚየም እናገኛለን። አንቺ ብትሆኚ አትሰጪም?"

"የኔ ቢሆን እሰጥ ነበር።"

አቶ ሙላቴ ወደ መሬት አዩ። ክፉ ሰው አይደሉም። እናቷ የታመሙ ጊዜ በራሳቸው መኪና ሐኪም ቤት ያደረሱላት እሳቸው ናቸው።

"እንክሳታለን" አሉ። "ገበያ ወጥተሽ ሌላ ግዢላት።"

"እንዲህ ያለ ገበያ ላይ የለም። የሠራው ሰውዬ ሞቷል።"

"እንግዲያው ብል በላው በያት። ሱፍ አይደል?"

ይህን ያሉት በቀና ልብ፣ የቸገራትን ሰው እንደሚረዳ ሆነው ነበር።

በማግሥቱ የእንግዳውን ረዳት ስልክ ፈልጋ ደወለች። ረዳቱ ትሑት ድምፅ ያለው ወጣት ነው።

"ክቡርነታቸው በጣም ነው የወደዱት! ፎቶውን አላየሽውም? ሰዉ ሁሉ እየተቀባበለው ነው።"

"አይቼዋለሁ። ግን በርኖሱ የሰው ነው። ከአንዲት እናት የተዋስነው። ለልጃቸው ሠርግ ይፈለጋል።"

ረዳቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እህቴ፣ የተሰጠ ነገር መልሱ ይባላል እንዴ? እኔስ ይህን በየትኛው አፌ ልነግራቸው ነው? ለእናንተም ጥሩ አይደለም፤ የጠየቃችሁት ነገር አለ።"

ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሳም። ፎቶውን ግን እውነትም ሰዉ ሁሉ እየተቀባበለው ነበር፤ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ "እንኳን ደስ አለሽ፣ አንቺም አለሽበት" ብላ ላከችላት። ርብቃ አጉልታ አየችው። እንግዳው መሃል ላይ በርኖሱን ደርበው ይስቃሉ። በስተግራ ጥግ፣ ማስታወቂያው የተለጠፈበት ግድግዳ አጠገብ፣ እሷ ቆማለች። እጆቿ ሊገጥሙ ትንሽ ቀርቷቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ጋሳይ ወጣች። ከአስፋልቱ ወርዳ የጠጠሩን መንገድ በእግሯ ስትያያዘው ጉና ጉም ለብሶ አይታይም ነበር። እማማ ዝናሽ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የዘር ድንች ይመርጣሉ።

"ርብቃ! ነይ ግቢ፣ ብርዱ ይገድልሻል። ዙሩን ጨርሳችሁ ነው?"

እጇን አዩ። ከዚያ ሌላ ዕቃ የያዘ ሰው ይከተላት እንደሆነ ከኋላዋ አዩ።

"አልጨረስንም እማማ።"

አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እማማ ዝናሽ ፊቷን አጤኑ።

"ደህናም አይደለሽ። በርኖሱ ነው?"

"አዎ።"

"ብል ገባበት?"

ርብቃ ቀና አለች። ራሷን ብቻ ብትነቀንቅ ነገሩ ያልቃል። ሱፍ ነው፣ ምን ይደረግ ይላሉ እማማ ዝናሽ፤ ያዝናሉ፣ ይቅርም ይላሉ። እሷ ወደ ደብረ ታቦር ትመለሳለች። ሙዚየሙም ይሠራል።

"አይ፣ ብል አይደለም" አለች። "ለሰው ሰጡት።"

"ማን?"

"አለቃዬ። ለመክፈቻው የመጡ ትልቅ እንግዳ ነበሩ። አለበሷቸው፤ ለብሰውት ሄዱ።"

"የኔ መሆኑን ሳያውቅ ነው?"

"ያውቁ ነበር።"

"እንግዳውስ?"

"ለረዳታቸው ነግሬዋለሁ። የተሰጠ አይመለስም አለኝ።"

የእማማ ዝናሽ እጅ ድንች እንደያዘ ቆሟል።

"ሲያለብሱት የአምላኩን ስም ጠሩ?"

"አልጠሩም። የደብረ ታቦር ሕዝብ ነው የሰጠዎት አሏቸው።"

"የደብረ ታቦር ሕዝብ" አሉ እማማ ዝናሽ። "የደብረ ታቦር ሕዝብ ጠጉሩን ሲያባዝት አላየሁትም።" ድንቹን አንከባለው ከክምሩ ቀላቀሉት። "አንቺስ? አንቺ የት ነበርሽ?"

"እዚያው ነበርኩ።"

"ምን አልሽ?"

ርብቃ በመንገዷ ሁሉ ብዙ መልስ አሰናድታ ነበር። ድንገት ሆነብኝ፤ አለቃዬ ናቸው፤ በሰው ፊት ምን ማለት ይቻላል። አሁን አንዱንም አላነሣችውም።

"አጨበጨብኩ" አለች።

እማማ ዝናሽ አልጮኹም፣ አልረገሙም። ቢቆጡ ጎንበስ ብላ ልትቀበል ተዘጋጅታ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ድንች አንሥተው አገላበጡ።

"አምላኩ ሲለብሰው እንኳ ይሳሳለት ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ለጥምቀትና ለሠርግ ነው የሚያወጣው። አንድ ጥምቀት ዝናብ መታን። አውልቆ ጠቅልሎ ጉያው ውስጥ ሸጎጠው። አንተ ሰውዬ፣ በርኖስ የተሠራው ለዝናብ አይደል ወይ ብለው አልሰማኝም። እሱ በስብሶ በርኖሱ ደርቆ ቤት ገባን።" ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ተዉት። "ለትእዛዝ ምን እላታለሁ? አባትሽ በሠርግሽ ቀን ባጎትሽ ትከሻ ላይ ይመጣል እያልኩ ነው የከረምኩት።"

"እኔ ልንገራት እማማ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"አትነግሪያትም። ገበያ ወርዳለች። ሳትመለስ ሂጂ።"

ርብቃ ተነሣች። ጥቂት እንደራቀች ጠሯት።

"የጎረቤቴ የመርሻ ባና እናንተ ዘንድ ነው አይደል? ነጩ?"

"አዎ፣ አለ።"

"መርሻ እኔን አይቶ ነው የሰጠሽ። ሌሎቹም እኔን አይተው ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሌላ እንግዳ ሲመጣ ለዚያም ታጨበጭቢያለሽ?"

ጎንበስ ብለው ድንቻቸውን መምረጥ ቀጠሉ።

ሰኞ ጠዋት ዕቃው ሁሉ አይሱዙው ላይ ተጫነ። ቀጣዩ ከተማ አንበሳሜ ነው። እዚያ አዳራሹ ተጠርጓል፣ ማስታወቂያው ተሰቅሏል፤ አንዲት የታሪክ መምህርት ተማሪዎቿን ይዛ ለመምጣት ስትደውልላት ነው የሰነበተችው። የመርሻን ባና ርብቃ ራሷ በአቡጀዲ ጠቅልላ ከላይ አስቀመጠችው።

አቶ ሙላቴ ሊሸኙ ግቢው በር ድረስ ወጡ።

"አንበሳሜ ላይም እንግዳ ይኖረናል" አሉ በመስኮቱ በኩል። "ያን ነጩን ባና ደህና ቦታ አድርጊው። መግቢያው ላይ፣ ቶሎ የሚወርድበት ቦታ።"

"ለማየት ነው?"

አቶ ሙላቴ ሳቅ አሉ። "እንግዲህ እንደ እንግዳው ነው። የአንበሳሜው ከሰመረ ሕንፃውን ያዝነው ማለት ነው።" የመኪናውን በር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። "መልካም መንገድ!"

ሾፌሩ መልካሙ መኪናውን አስነሣ። ብዙ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ጠዋት ጠዋት ብዙ አያወራም። በገበያው ዳር አልፈው ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ባጃጆቹ እስኪያልፉለት ቆመ። በአንዱ በኩል መንገዱ ወደ አንበሳሜ ይወርዳል፤ በሌላው በኩል ወደ ጋሳይ ይወጣል። ርብቃ የሙዚየሙን ሕንፃ አሰበች። ንድፉ ሲነደፍ አብራ ነበረች፤ የት የት መስኮት እንዳለው በቃሏ ታውቀዋለች። ተማሪዎቹን ሰብስባ የምትጠብቀውን መምህርትም አሰበቻት።

"መልካሙ፣ ወደ ጋሳይ ንዳ።"

"ምን ረሳሽ?"

"የረሳሁት የለም። ዕቃውን ለየባለቤቱ እንመልሳለን።"

መልካሙ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን ሳያጠፋ ዞሮ አያት።

"አቶ ሙላቴ ያውቃሉ?"

"አያውቁም። መልሰን ስንጨርስ እነግራቸዋለሁ።"

"ያባርሩሻል እኮ።"

"ያባርሩኛል።"

መልካሙ መሪውን ይዞ ትንሽ አሰበ። ከኋላ አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋባቸው።

"እኔ ታዝዤ ነው የነዳሁት እላለሁ" አለ።

"በል። እኔ ነኝ ያዘዝኩህ።"

መልካሙ መሪውን አዞረ። ከተማው ከኋላቸው እየቀረ፣ የገብስ ማሳው እየቀረበ ሄደ።

"ከማን ቤት እንጀምር?"

"ከመርሻ። ከአስፋልቱ ስትወጣ በጠጠሩ መንገድ ነው።"

"በዚያች በባልቴቷ ደጅ የሚያልፈው?"

"አዎ፣ በእማማ ዝናሽ ደጅ ነው።"

"እሳቸው ጋ የምናወርደው አለ?"

"የለም" አለች ርብቃ። "ግን እዚያ ስትደርስ ቁም። ወርጄ ልጃቸውን አናግራታለሁ።"