የቂብላዋ መርፌ

ኩብራ ቤቱን ልትጠርግ ብላ የባሏን ሰናድር ጠመንጃ ከጥጉ አንስታ በመደቡ አጠገብ ስታልፍ፣ የመካን አቅጣጫ የምታሳየው የቂብላዋ መርፌ ከመስተዋቷ ሥር ዞር አለች።

«አንቱ! ኧረ ይቺ መርፌ ጠመንጃውን ትከተላለች!»

አብዱልጀሊል አሞሌ የሚያስርበትን ጠፍር ጣለና ጠመንጃውን ተቀበላት። አስጠጋው፤ መርፌዋ ዞረች። አራቀው፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ መካ ተመለሰች። በመካከላቸው ጋቢ ጋረደ፤ ያው ነው። ብረቱ ሳይነካት ይጎትታታል። ፊቱ ነደደ።

መርፌዋን ከታጁራ ያመጣት ጊዜ የአሊዩ አምባ ከተማ ሰው ሊያያት ተጋፍቶ ነበር። ያን ሰሞን ታዲያ ማን ይቻለው! መስጊድ ድረስ ሄዶ፣ ለሰው እንዲታይለት ሰናድሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ መርፌዋን አጠገቡ አስቀምጦ፣ «እስከ ዛሬ ስታችሁ ነው የሰገዳችሁት» አላቸው። ሰጋጁ የሚዞርበትን ሚህራብ የሠሩት የኢማሙ የሼህ ዓወል አባት ነበሩ። ሼህ ዓወል አልተከራከሩም። የሟች አባታቸውን ሥራ በገዛ እጃቸው አፍርሰው፣ በጭቃ መርገው፣ አዲሱን መርፌዋ ባለችው በኩል አስከፈቱ።

«ዝም ይበሉ» አለች ኩብራ ነገሩ ሲገባት። «ማን አየ?»

«አንቺ አየሽ። እኔም አየሁ።»

ዕለቱ ጁምዓ ነበር። ሼህ ዓወልን ከመስጊዱ ደጅ ውዱእ ሲያደርጉ አገኛቸውና መሬት መሬት እያየ ነገራቸው። ሼሁ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቀሩ፤ ውሃው በከንቱ ፈሰሰ።

«አባቴ አልሳቱም ነበራ?»

«አልሳቱም።»

«አልሐምዱሊላህ።» ዓይናቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ። «በል ስማኝ ልጄ። መርፌዋ ተበላሽታ ነበር ብዬ እነግርልሃለሁ። ነጋዴ ነህ፤ ስምህ አይጥፋ።»

ቢሰድቡት በተሻለው። እሳቸው ለእሱ ስም ሲጨነቁ፣ እሱ የአባታቸውን ስም በአደባባይ ሲያጠፋ ለአፍታ እንኳ አላመነታም ነበር።

ሰዉ ተሰብስቦ ሼህ ዓወል «መርፌዋ...» ብለው ሲጀምሩ፣ አብዱልጀሊል ተነስቶ ቆመ።

«መርፌዋ ምንም አልሆነች» አለ። «ጠመንጃዬን ላሳያችሁ ብዬ ያሳትኋት እኔ ነኝ። የሼህ ዓወል አባት ልክ ነበሩ።»