በጸሎቱ ጸ

ልብስ ሰፊዋ ለሦስተኛ ጊዜ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ስትደርስ ለግድግዳው ሰዓት ጀርባዋን ሰጠችው። ምን ዋጋ አለው፣ አሮጌ ሰዓት ስለሆነ ባታየውም ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይሰማታል። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አውቶብሱ የሚነሳው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ያለቻት አንዲት ልጅ፣ ገና ሰባት ዓመቷ፣ በዚያ አውቶብስ ልትሄድባት ነው፤ እሷ ከዚህ መስኮት አንድ ወረቀት ይዛ ካልወጣች በቀር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀድሞ ባሏ ትናንት ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ሄዶ «አባቷ ነኝ» ብሎ ልጅቷን ይዟት ወጣ። አባቷ መሆኑ እውነት ነው፤ ዘበኛውም ምን ይበል። ማታ ስልኩን ዘጋ። ዛሬ ጠዋት የገዛ እህቱ ደውላ በሹክሹክታ፣ «እሷ ነገረችኝ እንዳትይ፤ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶብስ ወደ ጠረፍ ሊሄዱ ነው። እዚያ ከደረሰ ደግሞ መቼም አታገኚውም» አለቻት። እየበረረች መናኸሪያ ሄዳ በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ ነገረችው። ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም። «እህቴ፣ እሱ አባት፣ አንቺ እናት፤ እኔ በምን ልለያችሁ? ልጅቷ ለእናቷ ናት የሚል የፍርድ ቤት ወረቀት ካለሽ አምጪ፣ ከአውቶብሱም ላይ ቢሆን አወርድልሻለሁ። ከሌለሽ ግን ምንም ማድረግ አልችልም» አላት።

ወረቀቱ ነበራት። ከአምስት ዓመት በፊት እዚሁ ፍርድ ቤት ሲፋቱ ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንድትኖር የተወሰነበት፣ ማኅተም ያረፈበት፣ አራት ገጽ። አሁን የላትም። ለምን እንደሌላት ደግሞ ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም።

«የለም አልኩሽ እኮ፣ እህቴ» አለች የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። «የዚያን ዓመቱንም፣ የፊተኛውንም አየሁልሽ። የመዝገብ ቁጥሩን አምጪና በደቂቃ ግልባጩን ልስጥሽ። ቁጥር የለሽም፣ ቅጂ የለሽም። ለመሆኑ ቅጂሽ የት ገባ?»

«ጠፋ።»

«ጠፋ!» ሠራተኛዋ ወደተሰለፉት ሰዎች አየች። «የፍቺ ወረቀት ሁሉም ሰው ይጠፋበታል። የጋብቻው ሲጠፋ ግን ሰምቼ አላውቅም።»

ሰልፉ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋም ለይሉኝታ አብራ ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ አልታዘዝ አላት።

«እባክዎ እትዬ፣ አንዴ ብቻ ይዩልኝ። እርስዎም እናት ነዎት።»

«እናት ስለሆንኩ ነው ሁለቴ ያየሁልሽ። ይኸው መታወቂያሽ፣ ስምሽ በፀ ይጀምራል። ይኸው የፀ መዝገብ። አታምኚኝ እንደሆነ ራስሽ እዪው።» ትልቁን መዝገብ አዙራ በመስኮቱ በኩል ገፋችላት።

ልብስ ሰፊዋ ጣቷን ከላይ እስከ ታች አወረደች። በሌላ ሰው ልብስ ላይ የዘለለች አንዲት ስፌት የማታመልጣት ሴት፣ አሁን የራሷን ስም አጣችው። እንደገና ከታች ወደ ላይ ወጣች። የለም። ከአምስት ዓመት በፊት እዚህ ቤት ቆማ ያለቀሰች ሴት ጭራሽ ያልተፈጠረች ይመስል። ቀና ስትል ዓይኗ ከሠራተኛዋ ኋላ ካለው የፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ አረፈ። ማሽኑ የተቀመጠበት ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ሥሩ አሮጌ ደብተር ተሸጉጦለታል። እንባዋን እስክትውጥ ድረስ እዚያው ላይ አፈጠጠች፤ ልብ ግን አላለችውም።

«የሚቀጥለው!» አለች ሠራተኛዋ።

ወጣች። ከግቢው በር አጠገብ በተደረደሩት ማመልከቻ ጸሐፊዎች መካከል ባዶ ያገኘችው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ወንበሩ ያለምክንያት ባዶ አልነበረም። የወንበሩ ባለቤት ጋሽ ፊደል የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሌሎቹ በአሥር ደቂቃ የሚያወጡትን ማመልከቻ እሳቸው ባለጉዳዩን ስለ ፊደል አጣጣል ሲገስጹ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ፣ «‹ሀ›ው የቱም ይሁን፣ ቤቴ ሊፈርስ ነው» ቢላቸው፣ «ቤትህ ቢፈርስ ይሠራል፣ ፊደል ከፈረሰ ማን ይሠራዋል?» ብለውታል ይባላል። ደንበኛ ቢያጡ ምን ይገርማል።

አሁንም ሳትሰጣቸው ለመዝገብ ቤቱ የጻፈችውን ማመልከቻ ከጭኗ ላይ አነሱት።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«እጅሽ መልካም ነው። ፊደልሽ ግን አይረባም። ‹ጸሐፊ›ን በፀሐዩ ፀ! ጸሐፊ በጸሎቱ ጸ ነው የሚጻፍ። ይባስ ብለሽ የገዛ ስምሽን በፀሐዩ ጀምረሽዋል። ወላጆችሽ ያወጡልሽ ስም እኮ በጸሎቱ ነው፣ ልጄ!»

ሁለቱ ፊደሎች ሲጠሩ ልዩነት የላቸውም፤ አብዛኛው ሰው እጁ የመጣለትን ይጽፋል፣ ማንም አይቀየመውም። ልብስ ሰፊዋ ግን በዚህች ቅጽበት ደሟ ፈላ።

«አባቴ፣ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው! ልጄን! እርስዎ የፊደል ነገር ያወሩኛል?» ብላ ጮኸች። ጩኸቱ ሲወጣ እንባውም ተከተለው፣ ከእንባው ጋር ደግሞ ለሠራተኛዋ የደበቀችው ሁሉ። ከፍቺው ከሁለት ዓመት በኋላ ባሏ ተመልሶ መጥቶ ስፌት መኪናዋ ሥር ተንበርክኮ ነበር። «ያ ወረቀት ከመካከላችን እስካልጠፋ ድረስ ይቅር ማለትሽን አላምንም» አላት። እሷም ሞኟ፣ ጨርቅ በምትቀድበት መቀስ አራቱንም ገጽ ፊቱ ከታተፈችው። ቁርጥራጩን በገዛ እጁ ጠርጎ ጣለላት። በሦስተኛው ወር ደህና ሁኚ እንኳ ሳይል ሄደ።

«እንደሌለኝ ያውቃል» አለች አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «የደፈረኝ ለዚህ ነው። መዝገብ ቤት ይኖራል ብዬ ብመጣ ደግሞ ስምሽ የለም አሉኝ።»

ሽማግሌው ማመልከቻው ላይ ስሟን በጣታቸው ነኩ።

«ያን ጊዜ መዝገቡን የጻፈው ማን ነበር?»

«ምን አውቄ። ረጅም፣ ጺማቸውን ሙልጭ አድርገው የተላጩ ሰውዬ። ስሜን ሦስት ጊዜ አስደግመው...»

ልብስ ሰፊዋ ንግግሯ ተቋረጠ። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ሲነሱ በጣም ረጅም ነበሩ። ጺሙ ብቻ ነው የአሁን።

«ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ መስኮት ውስጥ ሠርቻለሁ» አሉ። «የተሳሳተ ስም አቃንቼ ካልሆነ መዝገቤ ውስጥ አስገብቼ አላውቅም። ልጄ፣ አንቺን በፀሐዩ አላስገባሁሽም። የጸሎቱ ጸ ለብቻው መዝገብ ነበረው። ተነሺ!»

ሰልፉን ጥሰው ገቡ። ሰዎች አጉረመረሙ፤ ሽማግሌው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

«የጸሎቱ መዝገብ የት ነው?»

«የምን ጸሎት፣ ጋሼ?» አለች ሠራተኛዋ።

«የጸሎቱ ጸ! ቀጭኗ፣ አረንጓዴ ጀርባ ያላት!»

ሠራተኛዋ አፏን ከፍታ ወደ መደርደሪያው አየች። ከዚያ ቀስ ብላ አንገቷን ወደ ፎቶ ኮፒው ጠረጴዛ አዞረች። ፊቷ ፍም መሰለ።

«እሷ... እኛ ሁሉንም በፀ ነው የምንጽፈው፣ ጋሼ። እሷን የሚከፍታት ስላልነበረ...»

ልብስ ሰፊዋ ፈቃድ ሳትጠይቅ በጎን በር ገብታ ጠረጴዛውን ከነማሽኑ በትከሻዋ አነሳችው። ሽማግሌው ተከትለዋት ገብተው መዝገቧን ሳቧት። ሽፋኗ ላይ የጠረጴዛው እግር ክብ ጎድጓዳ አትሞበታል። አምስተኛው ቅጠል ላይ፣ በሚያምር ቁም ጽሕፈት፣ ስሟ ነበረ። አጠገቡ የመዝገብ ቁጥሩ።

ፋይሉ በደቂቃ መጣ። ሠራተኛዋ ገልጣ አነበበች፤ መታወቂያውን አየች፤ ፋይሉን መልሳ ዘጋችው።

«አልችልም» አለች። አሁን ድምፅዋ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። «ያዘንኩልሽ ቢሆንም አልችልም። መታወቂያሽ ላይ ያለችው ሌላ፣ እዚህ ያለችው ሌላ። ነገ ‹ለማን ሰጠሽ› ብባል ምን እላለሁ? መጀመሪያ ስምሽን አስተካክለሽ ነይ።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ወር።»

ልብስ ሰፊዋ ባንኮኒውን ይዛ ቀረች። መጮኽ አማራት። ወረቀቱ ከእጇ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ ልጇ በአንዲት ፊደል ልትነጠቅ ነው። ሽማግሌውን ዞራ ስታያቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠላቻቸው።

«ገጽ ሁለትን ግለጪ» አሉ ሽማግሌው። «ኅዳጉን እዪው።»

ሠራተኛዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አነበበች። «‹አመልካች በልማድ ስሟን በፀሐዩ ፀ እየጻፈች ትፈርማለች። ይህ ስሕተት ነው። ሴቲቱ ግን አንዲት ናት።› ፊርማ፣ ቀን...» ቀና አለች። «ጋሼ፣ ይህንንም ጽፈዋል?»

«ስሕተት አይቼ ማለፍ አልችልም» አሉ።

ሠራተኛዋ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ጠረገች። ግልባጩ ሲነሳ ጠረጴዛው ስለሚንገዳገድ ልብስ ሰፊዋ በዳሌዋ ደግፋ ያዘችው፤ ሽማግሌው መዝገቧን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ቦታዋ አልመልስም አሉ። አራቱም ገጾች ወጡ። ማኅተሙን የያዘው ኃላፊ ግን ለምሳ ወጥቶ ነበር።

አንድ ሰዓት ተኩል ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ሁሉ የከፋው ይኼ ነበር፤ የምትለምነው ሰው የለም፣ የምትሮጥበት ቦታ የለም። ልጇ ምሳ በልታ ይሆን ብላ አሰበች። ሹራቧን ለብሳለች? አባቷ መስኮት አጠገብ ካልተቀመጠች መኪና እንደሚያስመልሳት ያውቃል?

«ስምሽን እንዳለ ትቼው ቢሆን ኖሮ» አሉ ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ፣ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ታገኚው ነበር።»

«ኧረ አይደለም» ልትላቸው ፈለገች። ያሉት ግን እውነት ነበር። የተፈታውን የካፖርታቸውን ቁልፍ አይታ፣ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አውጥታ እላያቸው ላይ እንዳለ ሰፋችላቸው። እጇ ሥራ ካልያዘ ልታብድ ነበር።

ኃላፊው ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ማኅተሙ ሲያርፍ ድምፁን እንኳ አልሰማችም፤ እግሬ አውጪኝ ብላለች።

መናኸሪያ ስትደርስ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ነበር፤ የአውቶብሱ ሞተር ተነስቷል። ፖሊሱ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለተኛውን ገጽ ሲያነብ የቀድሞ ባሏ ከአውቶብሱ በር ዘሎ ወረደ።

«ውሸት ነው!» አለ። «ምንም ወረቀት የላትም! ራሷ ቀድዳዋለች፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ፖሊሱ ቀና ብሎ አየው። «እንግዲያው መኖሩን ታውቅ ነበር ማለት ነዋ» አለው።

ወረቀቱን ለእናቲቱ መልሶ የሰውየውን ትኬት ተቀበለውና ልጅቷን ከአውቶብሱ ጠራት።

ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን በደረቷ ታቅፋ ወረደች። ሮጣ ትጠመጠምብኛለች ብላ እናቷ እጇን ዘርግታ ነበር። ልጅቷ ግን ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

«እማዬ፣ አባዬ ‹አንቺን የሰጧትን ወረቀት ቀድዳ ጣለችው› አለኝ። እውነት ነው?»

እናቷ «ጠፋ» ልትላት ትችል ነበር። ጠዋት ለሰው ሁሉ ስትለው የዋለችው እሱን ነው።

«እውነት ነው» አለች። «ቀድጄዋለሁ። አጠፋሁ፣ ልጄ። ሌላ አመጣሁ።» ተንበርክካ ወረቀቱን ዘረጋችላት።

ልጅቷ አንደኛ ክፍል ናት፤ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ካላነበበች አይሆንላትም። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ጀመረች፣ ወዲያው አቆመች።

«ስምሽን ተሳስተዋል፣ እማዬ። ይሄኛው ጸ ያንቺ አይደለም።»

እናቷ ፖሊሱን ቀና ብላ አየችው፤ እሱ የሰውየውን ትኬት እየተመለከተ ነበር።

«የኔን ተዪው» አለች ቀስ ብላ። «ያንቺስ ስም? እሱ ትክክል ነው?»

ልጅቷ ታች ወረደች። የራሷን ስም አገኘችው፣ ፊደል በፊደል ቆጠረችው፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ደግሞ እየተንተባተበች አነበበች። «ከ... እናቷ... ጋር... ትኑር።»

«ትክክል ነው» አለችና ቦርሳዋን ለእናቷ አቀበለቻት።