ነፋስ የሚወጋው ጆሮ

«የኤቦን ሳቅስ ተዉት» አሉ መምህር ክዋንሳ፣ የቀረበላቸውን ውኃ ጠጥተው ብርጭቆውን እየመለሱ። «ዳማ ባሸነፈኝ ቁጥር የሚስቀው ሳቅ እስከ ወደቡ ግንብ ድረስ ይሰማ ነበር።»

ለቀስተኛው ሁሉ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። ኤፉዋም እንደ ሌላው ነቀነቀች። ከባሏ ከኤቦ ጋር ልጅ ወልዳ፣ ልጅ ድራ ስትኖር ጮክ ብሎ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ኩማሲ የባቡር ጣቢያ ሹም ሳለ ዝም ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ የሚወጣ ሰው ነበር። እንግዲህ ይህ የኤልሚና ሰው የሚያለቅስለት ሳቂታ ማን ነው? የሐዘኑን ጥቁርና ቀይ ለብሳ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ስለ ገዛ ባሏ ከባዕድ አፍ ትማራለች። ሐዘኑስ ይሁን፣ ሐዘን ያባት ነው። የሚያንገበግባት ቅናቱ ነበር።

ኤቦ ጡረታ እንደወጣ ወደ ተወለደባት ወደዚህች የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ ወደ ኤልሚና ተመለሰ። «ነይ እንጂ» ይላት ነበር በስልክ። «ለሽማግሌ የተሠራች ከተማ እኮ ናት። ያላት አንድ ዳገት ነው፤ እሱንም ለቱሪስት ትተንለታል። ከግንቡ ሥር ጥላ ያለው አግዳሚ ወንበር አለን። ወደቡ አጠገብ የጡረተኞች ክፍል ከፍተውልናል። የደም ግፊታችንን የምትለካ ነርስ ሳትቀር አለችን።»

«ሱቄን ለማን ልተወው?» ትለዋለች። ኩማሲ ገበያ ውስጥ የጨርቅ መደብር አላት። «አንተ ና። ማክሰኞ ና፣ ገበያው ቀዝቀዝ ይላል።»

«ማክሰኞማ አይሆንም። ማክሰኞ ባሕሩ ያርፋል፣ ጀልባ አይወጣም። አሸዋው የኛ ነው፤ በእግራችን እንሄዳለን።»

«እነማን?»

«እኛ ነና።»

ያቺ «እኛ» እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረች። ኋላ ነርሷ ራሷ ጡረተኛ፣ ባሏም የሞተባት፣ ስሟም አራባ መሆኑን ከሰው ሰማች። ሁለት ጊዜ ሻንጣ አዘጋጅታ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «የባሏን ውሽማ ፍለጋ መጣች ሊሉኝ ነው» ብላ ቀረች። ኩራቷ ለዓመታት ኩማሲ አስቀመጣት፤ መጨረሻ ላይ ያመጣት የሞቱ መርዶ ሆነ።

አሁን አራባ በየቀኑ ትመጣለች። ከሴቶቹ ረድፍ ሳትቀላቀል ጓሮ ካለው ዛፍ ሥር ብቻዋን ትቀመጣለች። ወንበር የሚያመላልሱ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ኤፉዋ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ሾርባ የምታደርስለት ያቺ ናት።»

«ቀስ በይ፣ ሚስቲቱ ትሰማሻለች።»

«ትስማ። ሬሳ ልትረከብ መጣች እንጂ ሰውዬውን መቼ ጠየቀችው?»

ኤፉዋ አንገቷን ቀና አድርጋ እንዳልሰማች ሆነች። አንድ መጽናኛ ነበራት። በአገሩ ወግ ሟች የሚሸኘው ሚስቱ ባቀረበችለት ነው፤ ጨርቁንም፣ ትራሱንም፣ መሐረቡንም ሚስት እንጂ ማንም አይሰጥም፣ ማንም ሣጥኑ ውስጥ አያኖርም። ከመደብሯ ምርጡን ይዛ መጥታለች። «ሾርባውን ታመላልስ» አለች በልቧ። «ይህን ግን አታደርገውም።»

ከሰዓት በኋላ ዕቃው በሽማግሌዎች ፊት አንድ በአንድ ሲታይ ሁሉም አደነቀ። ከዚያ የሟች እህት ኩኩዋ አየት አየት አደረገችና «እትዬ፣ ጥጡስ?» አለች።

«የምን ጥጥ?»

ኩኩዋ ዕቃውን እንደገና አገላበጠች።

«የጆሮው ነዋ። የባሕሩ ነፋስ አንድ ጆሮውን ይወጋው አልነበር? ያለ ጥጥ ከደጃፍ ወጥቶ አያውቅም። መቃብሩ ደግሞ ባሕሩ አፍ ላይ ነው፣ እንዴት ባዶውን እንሸኘዋለን?»

«አውቃለሁ» አለች ኤፉዋ። «ለብቻው አስቀምጬዋለሁ።»

ትራሱን አቅፋ ሬሳው ወዳለበት ክፍል ስትገባ ኩኩዋ ከኋላዋ፣ «የትኛው ጆሮ እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?» አለቻት።

«ባሌ እኮ ነው» አለችና በሩን ዘጋች።

የትራሱን ጠርዝ በጥርሷ ተርትራ ጥጥ አወጣች። ከዚያ ቆመች። የትኛው ነው? አጎንብሳ ሁለቱንም ጆሮዎች አየች፤ ምንም አይናገሩም። ሁለቱንም እንዳትደፍን፣ ሰው ቀድመው ለሞቱት ዘመዶቹ የሚልከውን መልእክት ለሟች እየነገረ ነው የሚሰናበተው፤ አንዱ መስማት አለበት። ነገ ያ ሁሉ አሸዋው ላይ አብሮት ይሄድ የነበረ ጡረተኛ ፊቱን ሊያይ ይሰለፋል። ከተሳሳተች ባሏን የማታውቅ ሚስት መሆኗን ከተማው በሙሉ በዓይኑ ያያል።

የጓሮውን መስኮት ከፈተች። «አራባ» አለች። ስሙ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

አራባ ተነሥታ ወደ መስኮቱ መጣች። ዓይኗ አባብጧል።

«የትኛው ነው?»

ሴትዮዋ ጥጡን አየች፤ ነገሩ ገባት። ልታሳፍራት ትችል ነበር። «ግራው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ጠበቅ አድርገሽ አጡዢው፣ እትዬ። ካልሆነ ይወድቃል። እሱ ራሱ አይችልበትም ነበር።»

እሱ ካልቻለበት ማን ነበር የሚያደርግለት? ሰፈር ለሰፈር ከተወራው ሁሉ፣ ከሾርባውም ከሽርሽሩም፣ ይህ ባሰባት። መስኮቱን ደረገመችው። ጥጡን አጡዛ ጆሮው ውስጥ አኖረች፤ ወደቀ። ደገመች፤ ወደቀ።

የጓሮውን በር ከፈተች።

«ግቢ።»

«ወጉ አይፈቅድም፣ እትዬ።»

«ግቢ አልኩሽ። እኔ አልቻልኩበትም።»

አራባ ጫማዋን ደጅ አውልቃ ገባች። ጥጡን ተቀብላ በመዳፎቿ መሐል አጡዛ አጠነከረችው። ግን ኤፉዋ ስትሞክር የኤቦ ራስ ወደ ግራው ዘንበል ብሎ ጆሮውን ከሥር ደብቆት ነበር። ጥጡን እንደያዘች ቆማ ወደ ሚስቱ ተመለከተች፤ ልትነካው አልደፈረችም።

ኤፉዋ አሁንም ቀናችባት። እጇን ከባሏ ራስ ሥር አስገብታ ቀስ ብላ ቀና አደረገችላት።