ባዶው ብልቃጥ

ጓደኞቹ «ሊቁ» ይሉታል፤ እሱም ሙገሳ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። በኮምፒውተር በኩል በእርግጥ አይታማም። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ዘረ መልን በኮምፒውተር የሚተነትን የባዮኢንፎርማቲክስ ተማሪ የሞለኪዩል ባዮሎጂ መግቢያን ሳያልፍ አይመረቅም። ሊቁ አንዴ ወድቆበታል፤ ዘንድሮም ከወደቀ ምርቃቱን ይርሳው። ያሳደገችው አክስቱ ደግሞ ለዚያ ቀን የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፍታ ከሰቀለች ሰንብታለች።

የቤተ ሙከራው ሥራ ከቲማቲም ቅጠል ዲኤንኤ አውጥቶ፣ አባዝቶ፣ በማሽን ማስነበብ ነበር። ሊቁ ማስኩን አገጩ ስር አውርዶ፣ ክዳናቸው በተከፈተ ብልቃጦች ላይ አንገቱን አስግጎ የሥራ አጋሩን ያስተምራል።

«ሴል ማለት ፕሮግራም ነው። ዲኤንኤ ኮዱ፣ ፕሮቲን ውጤቱ። በቃ! ይኼ ምኑ ነው ወራት የሚያስፈጀው?»

አጋሩ እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና ሥራዋን ትሠራለች። ከቅጠሉ ጎን ውሃ ብቻ የያዘ ብልቃጥ አስቀምጣ፣ ለቅጠሉ ያደረገችውን ሁሉ ለውሃውም ታደርጋለች።

«ውሃ ደግሞ ምኑ ይነበባል?» አለ ሊቁ።

«መምህርቷ አዘዋል። ይልቅ ክዳኑን ዝጋው» አለችው። እሱ ግን ገና ንግግሩን አልጨረሰም።

ውጤቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋ። ልማዱ ነው፣ ከሁሉ በፊት መረጃውን ያጸዳል። «ውሃ፣ ባዶ» የሚለውን ፋይል ሳይከፍት ሰረዘው፤ ባዶ ነገር ምን ያደርግለታል? የቅጠሉን ውጤት የታወቁ ዘረ መሎች ከተመዘገቡበት ክምችት ጋር ሲያመሳክር ግን ክው አለ። ቲማቲሙ መሃል የሰው ዘረ መል ተቀምጧል።

ወዲያው ደወለ። «አክስቴ፣ ቲማቲም ዘመዳችን ነው!»

«እኔን ይድፋኝ! ስንቱን ከተፍኩት?» አለች አክስቱ።

በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆሞ ግኝቱን ተነተነ። መምህርቷ እስኪጨርስ ታግሠው ሰሙት።

«ውሃውስ?» አሉት።

«ባዶ ስለሆነ ሰረዝኩት።»

«እስቲ መልሰህ አምጣው።»

አመጣው። ውሃው ውስጥም ያው የሰው ዘረ መል ቁጭ ብሏል።

«እንግዲህ ውሃም ዘመዳችን ሊሆን ነው» አሉ መምህርቷ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ውሃውን የምናስቀምጠው ከውጭ የገባብንን እንዲያጋልጥልን ነው። ለመሆኑ ብልቃጡ ክፍት ሳለ ሲያወራ የነበረው ማነው?»

አጋሩ ጣራ ጣራውን አየች። የሊቁ ፊት ቲማቲም መሰለ። ዓለምን ጉድ ሊያሰኝበት ያሰበው ግኝት የገዛ ምራቁ ኖሯል። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

ሥራውን እንዲደግም አንድ የመጨረሻ ዕድል ተሰጠው። በዚያ ቀን ማስኩን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ ትንፍሽ ሳይል ሠራ፤ አጋሩ አሞት እንደሆነ ጠየቀችው። ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የከፈተው የውሃውን ፋይል ነበር። ከላይ እስከ ታች ባዶ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። መምህርቷ አይተው ሲያሳልፉት ደወለ።

«አክስቴ፣ አለፍኩ! ውሃው ውስጥ ምንም አልተገኘም!»

«ምንም?» አክስቱ ትንሽ አሰበች። «ይኼን ለማወቅ ነው እንዴ ይኼን ሁሉ ዓመት የተማርከው?»

ሊቁ ሊያብራራ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

«አዎ፣ አክስቴ» አላት።