የማታውቁ፣ ግራ እጅ

በትምህርት ቤታችን አስቂኙ ሰው እኔ ነኝ። ድሮ እኮራበት ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው «እስቲ አስቀን» ሲለኝ አንገቴን እደፋለሁ።

እንዳልካቸው እባላለሁ። ከእንጅባራ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተሰብስበን የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እንበላለን። ያኔ እነሳና ርዕሰ መምህራችን አቶ ሀብቱ ሰልፍ ላይ ከመናገራቸው በፊት እንዴት እንደሚያስሉ፣ የሳይንስ መምህርቷ ኢሕሳን ጭቃ የያዘባትን ጫማ እንዴት እየተራገመች እንደምታላቅቅ አስመስዬ አሳያለሁ። ኢሕሳን ራሷ ድንቹ እስኪያንቃት ትስቃለች። የመስኮቱ አንድ መስታወት ከተሰበረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ተማሪዎቹም ከቀዳዳው ስር ተኮልኩለው ያዳምጡኛል። አንድም ቀን አባርሬያቸው አላውቅም፤ ተመልካች ሲበዛ ደስ ይለኛል።

ከሁሉም የምትቀርበኝ የሁለተኛ ክፍሏ መምህርት ስሜነሽ ነበረች። አሥራ አምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ ስላት ግን «እርጅናን ከሩቅ አትጥራብኝ» ብላ ስለከለከለችኝ አንቺ እላታለሁ። ጀማሪ ሆኜ ስመጣ ጥያቄ ጠይቄ ከስልሳ ልጅ አንድም እጅ ሳይነሳ ሲቀር በዚያ ብርድ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። መላውን ያሳየችኝ እሷ ናት።

በስሜነሽ ክፍል መልሱን የሚያውቅ ልጅ ቀኝ እጁን ያነሳል፤ የማያውቅ ግራውን። እጁን የማያነሳ ልጅ የለም። ቀኝ ያነሱትን እዚያው ትጠይቃለች። ግራ ያነሱትን በአንዲት ሰማያዊ ደብተር ስማቸውን ትጽፍና በአዊኛ፣ ለስለስ አድርጋ፣ «እረፍት ላይ እኔ ጋ ና» ትላቸዋለች። ሌላው ኳስ ሲያሳድድ ከእነሱ ጋር ቁጭ ብላ ያልገባቸውን ታስረዳቸዋለች።

«አላውቅም ማለት እኮ ከባድ ነው» አለችኝ ያኔ። «አዋቂም አይችለው። በእጅ ሲሆን ይቀላል።»

የስሜነሽ እናት ዳንግላ ናቸው፤ ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም፤ ጎረቤት ነው የሚያገላብጣቸው። እሷ አርብ ደወል እንደተደወለ ወደ ሚኒባሱ ትሮጣለች፤ እሑድ ማታ ትመለሳለች። ወደ ዳንግላ እንዲያዛውሯት ሦስት ዓመት ጠይቃለች። ዘንድሮ የዝውውር ነጥቧ ሊሞላ የቀረው የክፍል ምልከታው ውጤት ብቻ ነበር።

ለምልከታው ሱፐርቫይዘሩ አቶ አወቀ ሐሙስ ዕለት መጡ። ከስሜነሽ ክፍል ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። ምሳም ከእኛ ጋር ቀረቡ።

«አንድ ልጅ እንኳ እጁን ሳያነሳ የቀረበት ጊዜ የለም» አሉ ድንቹን እየላጡ። «እንዲህ ያለ ክፍል በዕድሜዬ አላየሁም።»

ስሜነሽ አቀርቅራ ፈገግ አለች። ሌሎቻችን እንግዳ ስላለ ተኮፍሰን ተቀምጠናል። ማንም አይቀልድም። ያ ዝምታ እኔን አሳከከኝ። እንግዳን ማሳቅ እንዴት እንደሚጣፍጥ የቀመሰው ያውቀዋል።

ተነሳሁ። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ሆኜ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ «ልጆች! የምታውቁ ቀኝ፣ የማታውቁ ግራ! ለእንግዳው ግን እጅ እጅ ነው!» አልኩ። ዞር ብዬ ደግሞ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ፤ የሌለኝን መነጽር አስተካክዬ በአየር ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኢሕሳን ጠረጴዛውን ደበደበች። አቶ ሀብቱ ሳል ያዛቸው። አቶ አወቀም ሳቁ፤ እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከመስኮቱ ስር ልጆቹም ተንጫጩ።

ስለ ሰማያዊው ደብተር ምንም አልተናገርኩም። ረስቼው አይደለም። እሱ ከገባበት ቀልዱ ይበርዳል ብዬ፣ አውቄ፣ ዘለልኩት። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

አቶ አወቀ መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«መምህርት፣ ዛሬም እንደዚሁ ነበር?»

«አዎ» አለች ስሜነሽ። ዋሽታ አታውቅም።

ከዚያ ወደ እኔ አየች። የቀረውን ግማሽ ተናገር ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ራሷ ለምን አላስረዳችም የሚል ይኖር ይሆናል። ሰው ሁሉ እየሳቀብሽ ስታስረጂ ሰበብ ነው የሚመስለው፤ የሳቁ ባለቤት ነበር መናገር ያለበት። እኔ ደግሞ እንግዳው ፊት የቀለድኩትን መልሼ መዋጥ ከበደኝ። አንድ ድንች አንስቼ አፌን ሞላሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን እዚያው ነቀዘ።

አቶ አወቀ ቅጹን አውጥተው አንዱን ቁጥር ሰረዙና ሌላ ጻፉ። ስሜነሽ ድንቿን ሳትጨርስ ተነስታ ወጣች።

አርብ ጠዋት እናቷ ባሰባቸው ተብሎ ተደውሎላት ሄደች፤ አቶ ሀብቱም ክፍሏን እንድሸፍን ላኩኝ። እሺ አልኩ። እንዲያውም ውለታ የምውልላት መስሎኝ ቀለል አለኝ። ሰባትን ከአሥራ ሁለት ስንቀንስ ስንት ይቀራል ብዬ ጠየቅኩ። ስድስት ቀኝ እጅ ተነሳ። የተቀሩት ልጆች እጃቸውን ጭናቸው ስር ወሸቁ።

«ግራ እጅስ ዛሬ የት ሄደ?» አልኩ፣ ለማሳቅ ያህል። የሳቀ የለም።

ፊት ወንበር ላይ ዋጋዬ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ግራ እጅ ማጭበርበር ነው» አለች።

«ማነው ያለው?»

«እርስዎ ነዎት ቲቸር። ሁሉም ሰው ሳቀ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞርኩና የማልጽፍበትን ጠመኔ ይዤ ቆምኩ።

ልጆቹ ሲወጡ የስሜነሽን መሳቢያ ከፍቼ ሰማያዊውን ደብተር አየሁት። የዋጋዬ ስም መስከረም ላይ በየቀኑ አለ። ኅዳር ላይ በሳምንት ሦስት ጊዜ። ጥር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ። ከስሙ ጎን በቀጭን እርሳስ «ዛሬ ራሷ ለጓደኛዋ አስረዳች» ይላል። ያቺ ልጅ ናት ዛሬ እጇን ጭኗ ስር የወሸቀችው።

ደብተሩን ብብቴ ስር ይዤ በባጃጅ እንጅባራ ገባሁ። አቶ አወቀን ቢሯቸው አገኘኋቸው። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደብተሩን ከፊት እስከ ኋላ እያገላበጡ ብዙ ቆዩ።

«ይህን ትናንት ለምን አልተናገርክም?»

«ሳቁ ጣፍጦኝ ነው።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም። «እኔም አብሬ ስቄያለሁ፤ ጠይቄ ማጣራት ነበረብኝ» አሉ። «ነጥቧን አስተካክላለሁ። የዝውውሩ ዝርዝር ግን ዛሬ ጠዋት ወጥቷል፤ መመለስ አይቻልም። እንግዲህ ለከርሞ ነው።»

ለከርሞ። እኔ ለሁለት ደቂቃ ሳቅ የሸጥኩት የእኔን ዓመት አልነበረም። ለእኔና ለእሳቸው ከርሞ ይመጣል፤ ዳንግላ ለተኙት እናት ይምጣ አይምጣ እንጃ።

ሰኞ ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ደብተሩን ይዤ ሁለተኛ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ስሜነሽ ፊቷ ገርጥቶ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ሰሌዳው ላይ ቀን እየጻፈች ነበር። ስታየኝ ጠመኔውን አላስቀመጠችም። ፈቃድ ጠይቄ ገባሁና ወደ ልጆቹ ዞሬ በአዊኛ ተናገርኩ።

«ሐሙስ ዕለት በመስኮት የሰማችሁት ውሸት ነው። ግራ እጅ ማጭበርበር አይደለም። ያጭበረበርኩት እኔ ነኝ። የመምህርታችሁን ሥራ ግማሹን ደብቄ ሰው አሳቅሁባት።»

ወደ እሷ ዞሬ ዝርዝሩ መውጣቱን፣ ነጥቧ ቢስተካከልም ለዘንድሮ እንደማይደርስላት በአማርኛ ነገርኳት። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ስልሳ ልጅ ጸጥ ብሎ ያየኛል። እንዲህ ብዙ ተመልካች ኖሮኝ አያውቅም፤ አንዱንም አልፈለግኩትም።

ስሜነሽ ጠመኔውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«መምህር እንዳልካቸው» አለች፤ እንዲህ በማዕረግ ጠርታኝ አታውቅም፤ «ሰው የማይጎዳ ቀልድ መቀለድ ታውቃለህ?»

የምመልሰው ብዙ ነበር። ምላሴ ላይ ሁለት ሦስት ቀልድም መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ግራ እጄን አነሳሁ።

ዋጋዬ እጄን አየች። ስሜነሽ ደብተሩን ተቀበለችኝ፤ ገለጠች፤ ከልጆቹ ስም ስር የእኔን ጻፈች። አልሳቀችም።

«እረፍት ላይ እኔ ጋ ና» አለችኝ።